አሜሪካ 53 ዓመት የፈለገችው መሬት

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ወረድ ብሎ፣ ባጃጅ ተራው አጠገብ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት አለ። ሰዉ የሚመጣው ለእንግሊዝ ኳስ ነው። ፎርሙላ ዋን የሚባለውን የመኪና ውድድር የምናየው ብንበዛ አራት አምስት ሰዎች ነን፤ ኳስ ካለ ደግሞ ሪሞቱ አይነካም። አንቀየምም፣ ቤቱ የሚኖረው በኳስ ነው። አሜሪካ፣ ኦስቲን ላይ የሚደረገው ውድድር ሲሆን ግን ሰዓቱ ያደላልናል። እዚያ ከቀትር በኋላ ሲሆን እዚህ ማታ 4 ሰዓት ነው፣ የእንግሊዙ ኳስ አልቋል፣ ሰዉ ወደየቤቱ ገብቷል። የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ፋዘር የምንላቸው፣ በሩን ገርበብ አድርገው ሻይ ያፈሉልናል።

በአንዱ የኦስቲን ማታ አብሮን የሚያይ ባጃጅ ነጂ ልጅ መኪኖቹ ያቺን የመጀመሪያዋን ዳገት ሲወጡ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«ኢንጅነር፣ አሜሪካ ይሄን ሁሉ መሬትና ብር ይዛ ይሄ ትራክ የተከፈተው 2012 ነው ይላሉ። በፊት የት ነበር የሚነዱት?»

«በፊትማ ያልነዱበት የለም» አልኩት። «የሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ ሁሉ ነድተዋል።»

አላመነኝም። ስልኬ ላይ የድሮውን የላስ ቬጋስ ፎቶ አውጥቼ ሰጠሁት። ጣቱን እየወሰደ እየመለሰ አየውና «ይሄማ መናኸሪያ ነው» አለ።

ውድድሩ ስለጀመረ ወሬው እዚያው ተቋረጠ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። መልሱን በደንብ ልጽፈው የፈለግኩት ለእሱ ብዬ ነው፣ ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምሠራው መንገድ ሥራ ላይ ነው። የአፈርና የአስፋልት ላብራቶሪ ቴክኒሺያን ነኝ፣ ሰፈር ውስጥ ኢንጅነር ይሉኛል እንጂ። ስለዚህ ውድድር ሳይ ከመኪናው በፊት ዓይኔ የሚሄደው አስፋልቱ ላይ ነው። የአሜሪካን ግራንድ ፕሪ፣ ማለትም የፎርሙላ ዋን ውድድሯን፣ ታሪክ ስከታተልም አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየኛል። ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ ከተማው ይመረጣል፣ ቀጥሎ ሆቴሉ፣ ቀጥሎ በቴሌቪዥን የሚያምረው ሕንጻ። መሬቱ የሚታየው መጨረሻ ላይ ነው። ያ ሁሉ ዓመት መንከራተት የመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ሲጀመር አሜሪካ የነበራት ድርሻ ኢንዲያናፖሊስ 500 ነበር። ነጥቡ እስከ 1960 ድረስ ይቆጠር ነበር፣ የአውሮፓ ቡድኖች ግን እምብዛም አይሄዱም። አልቤርቶ አስካሪ በ1952 ፌራሪውን ይዞ ሄዶ ቸርኬው ተሰብሮበት ሳይጨርስ ወጣ። የእነሱ ውድድር ሌላ ነው፤ ክብ ነገር ላይ ወደ ግራ ብቻ እየዞሩ መንዳት።

የአሜሪካ ግራንድ ፕሪ ተብሎ ለሻምፒዮናው የተቆጠረው የመጀመሪያው ውድድር በዲሴምበር 1959 ፍሎሪዳ ውስጥ ሴብሪንግ ላይ ሆነ። ቦታው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የተሠራ አየር ማረፊያ ነው፣ ግማሹ ኮንክሪት። ጃክ ብራብሃም መጨረሻው ዙር ላይ ነዳጅ አለቀበት። ወረደና መኪናውን እየገፋ መስመሩን አሳለፈው፣ አራተኛ ወጣ፣ ሻምፒዮንም ሆነ። ያሸነፈው የ22 ዓመቱ ብሩስ ማክላረን ነው፣ ያ ዛሬ ቡድኑ በስሙ የሚጠራው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ወደ ሴብሪንግ አልተመለሱም። በሚቀጥለው ዓመት ካሊፎርኒያ ወረዱ፣ ሪቨርሳይድ ላይ ስተርሊንግ ሞስ አሸነፈ፣ እሱም የአንድ ዓመት ነገር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ዋትኪንስ ግሌን መጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ በጣም የምወደው ቦታ ስለሆነ።

ዋትኪንስ ግሌን ከኒው ዮርክ ከተማ የሰዓታት መንገድ ርቃ፣ ሴኔካ የሚባል ረጅም ሐይቅ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ሰዎቹ በ1948 ውድድር የጀመሩት በመንደሩ መንገድ ላይ ነበር፣ በሱቆቹ መካከል። በ1952 ከዳር ቆሞ ሲያይ የነበረ ሕፃን ተገጭቶ ሞተ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ ከመንደሩ ወጣ፣ በ1956 ደግሞ ከመንደሩ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ለውድድር ብቻ የሚሆን ትራክ ሠሩ። ፎርሙላ ዋን እዚያ የገባው በ1961 ነው። ሃያ ዓመት ቆየ። ጂም ክላርክ ሦስት ጊዜ አሸነፈ፣ ግራሃም ሂልም ሦስት ጊዜ፣ ኤመርሰን ፊቲፓልዲ የሕይወቱን የመጀመሪያ ድል በ1970 እዚያ አገኘ። ዳገት አለው፣ ቁልቁለት አለው፣ ውድድሩ በኦክቶበር ስለሚሆን ከኋላ ያለው ጫካ ቅጠሉ ቀልቶ ነው የሚታየው። ሽልማቱም ጥሩ ስለነበር ቡድኖቹ ያን ሁሉ መንገድ ደስ ብሏቸው ይመጡ ነበር።

መኪኖቹ ግን ከትራኩ በላይ ፈጠኑ። በ1973 ፍራንስዋ ሴቬር ለሰዓት ሙከራ ሲነዳ ሞተ። የቡድን ጓደኛው ጃኪ ስቱዋርት በማግስቱ 100ኛ ውድድሩን ሊያደርግ ነበር፤ መኪናው ውስጥ ሳይገባ ተወው፣ ከዚያም በኋላ አልነዳም። በ1974 ሄልሙት ኮይኒግ የሚባል ወጣት አውስትሪያዊ ጋርድሬሉን፣ የትራኩን ዳር የብረት አጥር፣ ገጨ። የታችኛው ብረት ለቀቀ፣ የላይኛው ባለበት ቆመ። መኪናው ከሥር ሲገባ ልጁ እዚያው ሞተ።

ይህን ሁሌ አስበዋለሁ። ጋርድሬል ስንተክል አብሬ ቆሜያለሁ። ምሰሶው ይቆማል፣ ብረቱ ይደረደራል፣ ከዚያ ብሎን ነው። ከመቶዎቹ ብሎኖች አንዱ ቢላላ ከመንገድ ላይ ሆነህ አታየውም፣ ብረቱ ያው ቀጥ ብሎ ያበራል። ቁጢጥ ብለህ በእጅህ ካልነካኸው አታውቅም። አንድ የማውቀው ሥራ ላይ ተቆጣጣሪው ከፒክአፕ ሳይወርድ ሁለት ኪሎ ሜትር ፈርሞ ሄዷል። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት፣ አሁንም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ዋትኪንስ ግሌን የመጨረሻ ውድድሩን በ1980 አደረገ። አለን ጆንስ አሸነፈ። አዘጋጆቹ ዕዳ ውስጥ ገብተው ስለነበር በዓመቱ ከካላንደሩ ወጡ። ጥሩ መሬት ነበራቸው፣ ብር አልነበራቸውም።

በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ ሌላ ውድድር ተጀምሮ ነበር። ክሪስ ፑክ የሚባል ሰው እንደ ሞናኮ በከተማ መንገድ ላይ እናድርገው ብሎ አሳመናቸው፣ ከ1976 እስከ 1983 ዘለቀ። ጥሩ ውድድር ነበር። በ1983 ጆን ዋትሰን ከ22ኛ ተነስቶ አሸንፏል፣ ከዚያ ኋላ ተነስቶ ያሸነፈ እስካሁን የለም። ፑክ ግን የፎርሙላ ዋን ዋጋ ከበደውና ከ1984 ጀምሮ ወደ አሜሪካኖቹ የኢንዲ መኪኖች ዞረ። ያ ውድድር ዛሬም በየዓመቱ አለ።

የሎንግ ቢች ማማር ግን ለሌሎቹ መጥፎ ትምህርት ሆነ። የከተማ መንገድ ካለህ ትራክ አለህ ማለት ነው ብለው አሰቡ። በ1982 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሦስት ግራንድ ፕሪ ነበር፣ ሎንግ ቢች፣ ዲትሮይትና ላስ ቬጋስ። ሦስቱም ለሌላ ነገር የተሠራ ቦታ ላይ።

ላስ ቬጋስ ማለት ያ ለልጁ ያሳየሁት ፎቶ ነው። ሲዛርስ ፓላስ የሚባለው ትልቅ የቁማር ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ 3.6 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ በኮንክሪት ግድግዳ እያጠፉ እያጠፉ እንደ አንጀት ጠቀለሉት። ዙሩ ወደ ግራ ስለነበር በሌላው ትራክ ወደ ቀኝ የለመደው የሾፌሮቹ አንገት አልቻለም። ኔልሰን ፒኬ በ1981 እዚያ ሻምፒዮን ሲሆን ሙቀቱ ጨርሶት ከመኪናው መውረድ አቅቶት ነበር። ሁለት ዓመት ሠሩበት፣ ተዉት። ዲትሮይት እስከ 1988 ቆየ፤ ሸካራ መንገድ፣ የጉድጓድ ክዳን፣ ግድግዳ። አይርተን ሴና መጨረሻ ላይ ሦስት ዓመት ተከታትሎ አሸነፈበት።

አሁን ዳላስ። 1984፣ ጁላይ፣ ቴክሳስ። ስለዚህ ውድድር ለሥራ ባልደረቦቼ ስንት ጊዜ እንደተረክሁ አላውቅም፣ ምክንያቱም የመኪና ታሪክ ሳይሆን የአስፋልት ታሪክ ነው።

ፌር ፓርክ የሚባል የኤግዚቢሽን ሜዳ ውስጥ መንገድ አዘጋጁ። ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ በላይ ነበር፣ የአስፋልቱ ደግሞ ከዚያ በጣም ይበልጣል። አስፋልት ማለት ጠጠርና ሬንጅ ነው። ጠጠሩን የያዘው ሬንጁ ነው፣ ሬንጅ ደግሞ ሲሞቅ ይላላል። እኛ ትኩሱን አስፋልት ከመኪናው ስናራግፍ ሙቀቱን የምንለካው ለዚህ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ሮለሩ ካልጠቀጠቀው በኋላ ብትደክም አይያዝም። በደንብ የተጠቀጠቀው እንኳ በሐሩር ቀን ከባድ መኪና ቁሞ ሲነሳበት ይገፋል። ቃሊቲ አካባቢ የጭነት መኪና የሚቆምባቸውን መታጠፊያዎች ያየ ያውቀዋል፣ መንገዱ እንደ ሊጥ ተገፍቶ ዳር ላይ ተቆልሏል። እንግዲህ በዚያ ላይ ኃይለኛ ተርቦ ሞተር ያለው፣ ሰፊና የሚያጣብቅ ጎማ ያደረገ፣ በክንፉ ወደ ታች የሚጫን መኪና ስትነዳ አስበው። ጎማው ጠጠሩን እየነቀለ ይጥላል። መጀመሪያ ከኩርባው ውስጥ ይፈለፈላል፣ ከዚያ ጠጠሩ መንገዱ ላይ ይበተናል፣ ከዚያ ጉድጓድ ነው።

ዋዜማውን ሌላ ውድድር ስለነበር እሱ ደግሞ ጨረሰው። ሌሊቱን ሲጠግኑ አደሩ፣ ቶሎ በሚደርቅ ሲሚንቶ። ሙቀቱን ለመሸሽ የማለዳውን ልምምድ ለጠዋት 1 ሰዓት ቀጠሩት፣ ዣክ ላፊት የሚባለው ፈረንሳዊ ሾፌር ሰዓቱን በመቃወም ፒጃማ ለብሶ መጣ። ውድድሩ ተካሄደ። ኬኬ ሮዝበርግ የሚያቀዘቅዝ ቆብ ከሄልሜቱ ሥር አድርጎ አሸነፈ። ናይጄል ማንሰል መጨረሻው ላይ መኪናው ቆመበት፣ ወርዶ ወደ መስመሩ ሲገፋ ሙቀቱ ጣለው፣ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ።

ከዚህ ሁሉ ግን የምወዳት የሴና ወሬ ናት። ያኔ ጀማሪ ነበር። ግድግዳ ገጨና ሲመለስ «እኔ አልተሳሳትኩም፣ ግድግዳው ነው የተንቀሳቀሰው» አለ። ኢንጅነሩ ፓት ሲሞንድስ አላመነውም። አብረው ሄደው አዩ። እውነትም አንድ ሌላ መኪና የኮንክሪቱን ብሎክ ነክቶት ጫፉ በጣም ጥቂት ሚሊ ሜትር ወጣ ብሎ ነበር። እነዚህ ሰዎች መንገዱን የሚያውቁት በሚሊ ሜትር ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሰው የተላጠ አስፋልት ማቅረብ ነውር ነው፣ ሌላ ቃል የለኝም።

ዳላስ አንድ ዓመት ብቻ ሆነ። ከ1989 እስከ 1991 ፊኒክስ፣ አሪዞና፣ በረሃ ውስጥ፣ ተመልካች የሌለው የከተማ መንገድ። በ1990 ወጣቱ ዣን አሌዚ በትንሽ ቡድን መኪና ሴናን ያስጨነቀበትን ካነሳን ሌላ የሚነሳ የለውም። ከዚያ ከ1992 እስከ 1999 አሜሪካ ውስጥ ምንም።

በ2000 ኢንዲያናፖሊስ ተመለሱ። ይሄ እንኳ ሜዳ ነው፣ ከ1909 ጀምሮ ውድድር የለመደ። ቶኒ ጆርጅ የሚባለው የሜዳው ኃላፊ በክቡ ውስጥ ጥምዝምዝ መንገድ አሠራና የክቡን አንድ ጎን ቀላቀለበት። መጀመሪያው ዓመት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገባ ተብሏል። እኔም አሜሪካ በቃ ቤቷን አገኘች ብያለሁ፣ ልጅ ነበርኩ፣ የሚካኤል ሹማከር ደጋፊ ነበርኩ።

ያ የተቀላቀለው ጎን ግን ጋደል ያለ ነው። 9 ዲግሪ ገደማ ነው። መንገድ ላይ እኛም ኩርባን ወደ ውስጥ እናዘነብላለን፣ መኪናው እንዳይወጣ፣ በእኛ ሥራ ግን ይሄን ያህል አይሆንም። መኪናው ጋደል ያለ ኩርባን በሙሉ ፍጥነት ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ የውጭ ጎማው ላይ ነው የሚወድቀው። በ2005 ጁን አርብ ዕለት የሚካኤል ወንድም ራልፍ ሹማከር እዚያ ኩርባ ላይ የኋላ ግራ ጎማው ለቀቀበትና ግድግዳ ገጨ። የሚሽለን ጎማ ነበር። ያን ዓመት በውድድር መካከል ጎማ መቀየር በሕግ ተከልክሎ ነበር፣ አስፋልቱ ደግሞ በዚያ መካከል ታድሷል። ሚሽለን ጎማችን ይችላል ብለን ዋስትና አንሰጥም አለ። ኩርባው ላይ ፍጥነት መቀነሻ መታጠፊያ ይሠራ ተባለ፣ የስፖርቱ የበላይ አካል ኤፍአይኤ እንቢ አለ። እሁድ 20 መኪኖች ለማሟሟቂያው ዙር ወጡ፣ የሚሽለን ጎማ ያደረጉት 14ቱ ወደ ፒት፣ ቡድኖቹ መኪናቸውን ወደሚያዘጋጁበት ቦታ፣ ታጥፈው ገቡ፣ 6 መኪና ብቻ ተወዳደረ። ሕዝቡ ጮኸ፣ ጠርሙስ የወረወረም ነበር። ሚካኤል ሹማከር አሸነፈ። ደጋፊው ሆኜ ያላጨበጨብኩበት ድሉ እሱ ነው። ሚሽለን ለተመልካቹ የትኬቱን ብር መልሷል፣ ለሚቀጥለውም ዓመት 20 ሺህ ትኬት ገዝቶ ሰጥቷል። እንደዚያም ሆኖ በ2007 ሉዊስ ሃሚልተን አሸንፎ ተዘጋ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኦስቲን የመጣው።

ታቮ ሄልሙንድ የሚባል የቴክሳስ ሰው ሐሳቡን አመጣ፣ ሬድ ማክምብስ የሚባሉ ባለሀብት ገቡበት፣ የግዛቱ መንግሥትም ለውድድሩ ከራሱ ፈንድ ብር መደበ። ቦታው ከኦስቲን ከተማ በደቡብ ምሥራቅ ዳር ነው። በፊት መኖሪያ ቤቶች ሊሠሩበት የታሰበ ባዶ መሬት። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ቱሉ ዲምቱም ከአዲስ አበባ በዚያው በኩል ዳር ላይ ናት፣ ባዶ መሬትና ጅምር ሕንጻ ምን እንደሚመስል በመስኮቴ አየዋለሁ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በ2011 መጨረሻ በውል ጭቅጭቅ ግንባታው ቆሞ ነበር፣ ሄልሙንድም ከሥራው ወጣ። ያም ሆኖ በኖቬምበር 2012 ደረሰ፣ ሃሚልተን አሸነፈ። ከ1959 ቆጥረው፣ 53 ዓመት ነው።

ኸርማን ቲልከ ነው ንድፉን የሠራው። 5.5 ኪሎ ሜትር፣ 20 ኩርባ። ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 40 ሜትር ያህል ይለያያል። ዳገቱን እንደ ችግር ቆርጠው አልጣሉትም፣ የመጀመሪያውን ኩርባ አናቱ ላይ አደረጉት። መኪኖቹ ተነስተው ሽቅብ ሲወጡ መጨረሻውን አያዩትም፣ ኩርባው አናት ላይ ሲደርሱ ነው የሚገለጠው። መንገዱ እዚያ ስለሚሰፋ አምስት ስድስት መኪና ጎን ለጎን ይገባበታል። የባጃጁ ልጅ ያን ማታ ወደ እኔ የዞረው እሱን አይቶ ነው። በፓርኪንግ ውስጥ ይሄን አትሠራውም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ኦስቲን ያረፈበት መሬት በአብዛኛው የሚያብጥ ሸክላ አፈር ነው፣ እኛ ዋልካ የምንለው ዓይነት። ትራኩ ሲሠራ ጀምሮ ፈተና ነበር፣ ከተሠራ በኋላም መሬቱ ከሥር እየተንቀሳቀሰ ጉብታ አወጣ፣ በ2015 ደግሞ ከባድ ጎርፍ ተጨመረበት። በ2021 የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪዎቹ በጣም አማረሩ፣ የፎርሙላ ዋኖቹም መኪናቸው ሲነጥር በቴሌቪዥን አየነው። እየቆራረጡ አንዴ ይህን ክፍል አንዴ ያን ክፍል አዲስ አስፋልት ያነጥፉለታል።

ዋልካን እኔ በእጄ አውቀዋለሁ። አቃቂን አልፎ ወደ እኛ የሚመጣው ሜዳ በሙሉ እሱ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ትንሽ ደርቆ የተፈጨ አፈር ሲሊንደር ውስጥ ትጨምርና ውኃ ትሞላለህ፣ በማግስቱ ስትመጣ እንደ ቡሆ ኩፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ተሰንጥቆ ክንድ ያስገባል። መንገድ ስንሠራ ቆፍረን አውጥተን በሌላ አፈር እንተካዋለን፣ ያም ሆኖ ውኃ ከጎን ከገባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የኦስቲን ሰዎች አፈሩን ስላላወቁ ነው ጉብታ የወጣው አልልም። አውቀውም ከባድ ነው። ልዩነቱ ኦስቲን ላይ መሬቱ የትራኩ ነው፤ ሲበላሽ ይቆፈራል፣ ይታደሳል። ፓርኪንግ ግን ውድድሩ እንዳለቀ ወደ ፓርኪንግነቱ ይመለሳል።

አሁን አሜሪካ እንደገና ሦስት ውድድር አላት፣ እንደ 1982። ሊበርቲ ሚዲያ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ስፖርቱን በ2017 ከያዘው በኋላ ተመልካቹ በጣም ጨመረ። ማያሚ በ2022 ገባ። መጀመሪያ መሐል ከተማ ሊያደርጉት ነበር፣ ነዋሪው ተቃወመ፣ የእግር ኳሳቸው ስታዲየም ዙሪያ ሆነ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፣ ውኃ ለማስመሰል ወለል ቀብተው ጀልባ የደረደሩበትን ነገር አልወደድኩትም።

ላስ ቬጋስ በ2023 ተመለሰ፣ አሁን ከፓርኪንጉ ወጥቶ በዋናው ጎዳና ላይ፣ በሌሊት። ለፒቱ ብቻ 240 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው መሬት ገዙ፣ መንገዱን አዲስ አስፋልት አለበሱት። እዚያ ቅዳሜ ማታ ሲነዱ እዚህ እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት ነበር። ዋዜማዎቹ ላይ የሆነው ግን እኛ ሰፈር የሚሆን ነገር ነው። የመጀመሪያው ልምምድ በጀመረ በ8 ደቂቃ ገደማ የካርሎስ ሳይንዝ ፌራሪ ከመንገዱ የተነሳ የውኃ መስመር ክዳን መታው። የዚህ ዘመን መኪና ከሆዱ ሥር አየሩን እየሳበ ነው መሬት ላይ የሚጣበቀው፣ ክዳኑን የያዘው ኮንክሪት ደከም ካለ ይነቅለዋል። የመኪናው ወለል ተቀደደ፣ ልምምዱ ቆመ፣ ሠራተኞቹ ክዳኑን ሁሉ ሲያዩና ሲደፍኑ አመሹ። ሁለተኛው ልምምድ የተጀመረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ነው፣ ትኬት የገዛው ሕዝብ ያኔ ተባርሮ ነበር። ሳይንዝ ደግሞ ባትሪው ስለተቀየረ በሕጉ መሠረት 10 ቦታ ወደ ኋላ ተቀጣ፣ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን።

የእኛን ሰፈር ክዳን ታሪክ የማያውቅ የለም። ክዳኑ ይሰረቃል ወይ ይሰበራል፣ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ይተክልበታል፣ አንዳንዴ አሮጌ ጎማ። አንድ ጎረቤታችን ማታ በቪትዝ ሲገባ ቅርንጫፉ ወድቆ ኖሮ የፊት ጎማው ገባበት። ስድስት ሆነን አነሳናት። ክዳን እንዲደረግበት ለሚመለከተው ክፍል ተመላልሰናል፣ ሦስት ወር ፈጅቷል። ስለዚህ ያን ጠዋት ሳይንዝ ከመኪናው ወርዶ የተቀደደውን ሲያይ ጎረቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ «አይዞህ» ያለው ከልቡ ነው።

ላስ ቬጋስን አልጠላውም። ረጅም ቀጥታ አለው፣ መቅደም አለ፣ ውድድሩም ጥሩ ነበር። ግን ምርጫው የእኔ ቢሆን ሦስቱንም አልይዝም። ኦስቲንን እይዛለሁ። ሁለተኛ ካስፈለገ ዋትኪንስ ግሌን ያለው ኮረብታ ላይ ብር አፈሳለሁ፣ ትራኩ አሁንም አለ፣ ሌሎች መኪኖች ይነዱበታል። ለዛሬ ፎርሙላ ዋን ብዙ መሥራት እንደሚፈልግ አውቃለሁ፤ ማምለጫ ሜዳ፣ አዲስ ፒት፣ ሆቴሉም በአቅራቢያ የለም። ኦስቲንም ግን ባዶ መሬት ነበር። ለአህጉራችንም የምመኘው ይህንኑ ነው። አፍሪካ የመጨረሻ ውድድሯን ያየችው በ1993 ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ ነው፣ መቼም አንድ ቀን ይመለሳል፣ ሲመለስ የሆነ ከተማ የባህር ዳር መንገዱን ዘግቶ በሆቴል መካከል እንዳያደርገው ነው የምፈራው።

ለልጁ ይሄን ሁሉ በሁለት ሦስት ማታ ነገርኩት። የዋልካው ነገር ነው ያስገረመው። «እዚያም እንደኛ ነው?» አለና ወደ ወለሉ አየ። የፋዘር ቤት ወለል ላይ ከበሩ ጀምሮ እስከ ቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ የሚሄድ ስንጥቅ አለ፣ በጋ ሲሆን ጠረጴዛው እየተንገዳገደ ካርቶን አጥፈው ከእግሩ ሥር ያደርጉለታል። የጣሪያው ውኃ የሚወርደው ግድግዳው ሥር ነው፣ መሠረቱ ጋ ይተኛል፣ ክረምት አፈሩ አብጦ ያነሳዋል፣ በጋ ይለቀዋል። ለፋዘር በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። ቦይ ወጥቶለት ውኃው ራቅ ብሎ ካልሄደ በሲሚንቶ ቢደፍኑት ተመልሶ ይሰነጠቃል አልኳቸው።

«መቼ ነው የሚቆፈረው?» አሉኝ።

አሁን፣ ሳይዘንብ። ባጃጅ ተራው አካፋና ዶማ አለው፣ ልጁ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፣ ልኩን እኔ አወጣለሁ። ለኦስቲን ማታ ይደርሳል።